ሁለቱ ሲተያዩ ሦስተኛው ሄደ፦ የፊኔስትሬ ክርክር ለምን አያልቅም?

ዳገቱ አልቋል። ቁልቁለቱም አልቋል። ሁለት ሰዎች ሸለቆው ውስጥ ባለው አስፋልት ላይ ብስክሌት ይጋልባሉ። አንዱ ሮዝ ማሊያ ለብሷል፤ የውድድሩ መሪ ነው ማለት ነው። ሌላው በአጠቃላይ ደረጃ፣ ማለትም በውሎዎቹ ሁሉ የሰዓት ድምር፣ ሁለተኛ ነው። ከፊታቸው አንድ ሰው ጂሮ ዲ ኢታሊያን፣ የሦስት ሳምንቱን የጣሊያን የብስክሌት ውድድር፣ ይዞባቸው እየሄደ ነው። እነሱ ግን ይተያያሉ። አንዱ ክርኑን ወዝወዝ አድርጎ "ና ምራ" ይላል። ሌላው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለው የሰዓት ልዩነት ያድጋል፣ ያድጋል፣ አሁንም ያድጋል። ተመልካቹ ሶፋው ላይ ሆኖ ይጮሃል፦ "ምን ነካችሁ? ሂዱ እንጂ!"

ቀኑ እ.ኤ.አ ሜይ 31፣ 2025 ነበር። የጂሮው 20ኛ ስቴጅ፣ ማለትም 20ኛው የውድድር ውሎ። ከቬሬስ ተነስቶ ሴስትሪዬሬ የሚያልቅ 205 ኪሎ ሜትር። በማግስቱ ሮም ላይ የሚደረገው ውሎ የደስታ ጉዞ ነው፤ መሪውን አይቀይርም። ስለዚህ የሦስት ሳምንቱ ነገር ሁሉ በዚህ ውሎ ትልቁ ዳገት፣ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ በሚባለው ተራራ ላይ ያልቃል።

የብስክሌት ወዳጆች ስለዚህ ውሎ ዛሬም ይከራከራሉ። ጥፋተኛው ማን ነው? ሮዝ ማሊያውን የለበሰው ሜክሲኳዊ ኢሳክ ዴል ቶሮ? ከጎኑ የነበረው የኢኳዶሩ ሪቻርድ ካራፓዝ? ወይስ በሬዲዮ ያወሯቸው የነበሩ የቡድን መኪና ውስጥ ሰዎች? ወይስ ጥፋተኛ የሚባል ነገር የለም፤ ከፊታቸው የሄደው ሳይመን ዬትስ ከሁሉም በልጦ ነው ያሸነፈው?

እኔ የራሴ ፍርድ አለኝ፤ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ነገሩን በቅጡ እንየው። ብዙው ክርክር የሚበላሸው ሰው የተራራ ውሎን የእግር ጉልበት ፈተና ብቻ አድርጎ ስለሚያይ ነው።

ከዚያ ጠዋት እንጀምር። ዴል ቶሮ 21 ዓመቱ ነው። ሮዝ ማሊያውን የለበሰው በ9ኛው ውሎ፣ ሲዬና ላይ ነው። በጂሮ ታሪክ ያንን ማሊያ የለበሰ የመጀመሪያው ሜክሲኳዊም እሱ ነው። ካራፓዝ በ43 ሰከንድ ይከተለዋል። ዬትስ በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሦስተኛ ነው። ዬትስ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በ19ኛው ውሎ፣ ተበልጦ ሰከንዶች ጥሎ ነው የመጣው። እግሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ስለዚህ የሁሉም ዓይን ሁለቱ ላይ ነው። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር የሚጠባበቁት። ችግሩ እዚህ ላይ ጀመረ ብል አልተሳሳትኩም።

ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ 18.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። አማካይ ተዳፋትነቱ ከ9 በመቶ በላይ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ90 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው፤ ያውም 18 ጊዜ ደጋግመህ። የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ አስፋልት የለውም፤ ኮረኮንች ነው። ጫፉ 2,178 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ይላል። ብስክሌቱ ይንሸራተታል፤ ከመቀመጫህ ተነስተህ ስትረግጥ የኋላው ጎማ ይከዳሃል። ስለዚህ ተቀምጠህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ እኩል እየረገጥክ መውጣት ነው ያለህ።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ። ዳገቱ ወደ 1,700 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብስክሌቱን፣ ልብሱንና ውሃውን ጨምሮ 69 ኪሎ ይሆናል እንበል። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ስለሚያዝ ከዚህ ብዙም አይወርድም። ይህንን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማውጣት የመሬት ስበትን ለመርታት ብቻ 320 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። የኮረኮንቹን መጎተትና የአየሩን ግፊት ስትጨምርበት በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ወደ 6 ዋት ይጠጋል። ጤነኛ፣ ስፖርት የሚወድ ተራ ሰው ይህንን ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ከያዘ ጎበዝ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጋለቡ በኋላ፣ የዕለቱን ረጅም መንገድ አልፈው ነው የሚያደርጉት።

ነፋስን ግን ልብ በሉ። የክርክሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

በብስክሌት ውድድር ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ጉልበቱን በብዛት የሚያፈሰው አየር ለመቅደድ ነው። ከኋላው ጎማውን ተጠግቶ የሚከተለው ሰው ከነፋሱ ይጠለላል፤ በግምት ከ100 ዋት በላይ ያተርፋል። ሜዳ ላይ "ና ምራ፣ አልመራም" የሚባለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የሚያይ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ፊት ሆኖ የሚጎትት ሰው ሌሎቹን ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። በብስክሌት ይህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ፊኔስትሬ ላይ ግን ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ነፋስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኋለኛው የሚያተርፈው በግምት 10 ዋት ቢሞላ ነው። ከ350 ዋት በላይ ለሚረግጥ ሰው ይህ ምንም ማለት ነው። ተከታዩ የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ ሐሳቡን ያሳርፋል፣ ፍጥነት ስለመምረጥ አይጨነቅም። ግን ሸክሙን ለሌላ አይጥልም። ዳገት ላይ እያንዳንዱ ክብደቱን የሚያወጣው በራሱ እግር ነው።

ይህንን ይዘን ወደ ውሎው እንመለስ።

የካራፓዝ ቡድን ዳገቱ እግር ላይ ሲደርስ ሽምጥ ፍጥነት አነሳ። የመጨረሻ መስመር ላይ የሚደረግ የፍጥነት ፍልሚያ እንጂ የ18 ኪሎ ሜትር ዳገት መጀመሪያ አይመስልም ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የዴል ቶሮን አጋዦች ጥሎ ልጁን ብቻውን ማስቀረት። ተሳካ። ካራፓዝ ፈተለከ፣ ዴል ቶሮ ተከተለ፣ ሌላው ሁሉ ተበተነ። ዬትስም ተነጥሎ ቀረ፤ ግን አልደነገጠም። በራሱ ልክ እየወጣ ደረሰባቸው። ከዚያ አንዴ ሞከረ፤ ያዙት። ደግሞ ሞከረ። ጫፉ ገና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ሦስተኛ ሰው መሆኑን አይተው ለቀቁት።

የለቀቁት በአመክንዮ ነው፤ ጅል ሆነው አይደለም። በዴል ቶሮ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሂሳብ እንዲህ ነው፦ ዬትስ 1 ደቂቃ ከ21 ይቀረዋል፣ ካራፓዝ 43 ሰከንድ ብቻ። ዬትስን ሳባርር ከደከምኩ ካራፓዝ ያጠቃኛል፤ ድንገት ፈጥኖ ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ካራፓዝ ያግዘኝ። በካራፓዝ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ደግሞ ይህ ነው፦ ማሊያው የእሱ ነው፤ የሚጠፋበትም እሱ ነው። ለምን ጎትቼ ላድርሰው? ደግሞ መጨረሻ ላይ በፍጥነት ይበልጠኛል። ስለዚህ እሱ ይምራ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ሁለቱም ተሸነፉ።

ዬትስ ጫፉን ሲያልፍ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ሆኖ ነበር። በወረቀት ላይ መሪው እሱ ሆኗል ማለት ነው፤ ግን በጥቂት ሰከንድ። ገና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። እዚህ ላይ እንኳን ነገሩ አላለቀም ነበር። ከዚያ ግን ዋውት ቫን አርት መጣ። መጣ ማለት እንኳን አይደለም፤ እዚያው ነበር።

ቫን አርት የዬትስ የቡድን አጋር ነው። ጠዋት ላይ ተገንጥለው ከወጡት ጋር ፊት ሄዷል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሜዳ ላይ እንደ ሞተር የሚጎትት ቤልጅየማዊ ነው። ዳገት የሚወጡት ቀላል ሰዎች አይነት አይደለም። ግን ፊት ስለነበር ዳገቱን በራሱ ጊዜ ወጥቶ አለፈ፤ ዬትስ ሲደርስ ጠበቀው። ከዚያ ሸለቆው ውስጥ ነፋሱን ለብቻው ቀደደለት። ወደ ሴስትሪዬሬ የሚወስደው መጨረሻው ዳገት ለስለስ ያለ ነው፤ በአማካይ 4 በመቶ አይሞላም። በዚህ ዓይነት መንገድ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፣ ነፋሱም ዋጋ ማስከፈል ይጀምራል። ዬትስ ቫን አርት ጀርባ ተቀምጦ ሲያርፍ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ማን ነፋሱን ይቅደድ በሚል ተፋጠዋል።

እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው! ሲዬና ላይ፣ ዴል ቶሮ ሮዝ ማሊያውን በለበሰበት ቀን፣ ውሎውን ያሸነፈው ይኸው ቫን አርት ነበር። ዴል ቶሮ ሁለተኛ ወጥቶ ማሊያውን ወሰደ። ማሊያው በእሱ ፊት መጣ፣ በእሱ እጅ ሄደ።

የዕለቱ አሸናፊ ከተገንጣዮቹ አንዱ የሆነው አውስትራሊያዊው ክሪስ ሃርፐር ሆነ። የሚያሳዝነው ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ በሙያው ትልቁን ቀን አሳልፎ የሌላ ሰው ታሪክ ግርጌ ላይ ቀረ። ዬትስ ሦስተኛ ገባ። ዴል ቶሮና ካራፓዝ ከእሱ 5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ዘግይተው መጡ። ከዚህ ውስጥ ዳገቱ ላይ የጠፋው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም አይበልጥም። አብዛኛው የጠፋው ከዳገቱ በኋላ ነው፤ ቁልቁለትና ለስላሳ መንገድ ላይ።

አሁን ፍርዴን ልናገር።

ብዙ ደጋፊ "ሸለቆው ውስጥ ለምን አልተባበሩም?" ይላል። እኔ ግን ስህተቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ይመስለኛል። ሸለቆው ውስጥ ሲደርሱ ዋጋው ተወዶ ነበር። ዴል ቶሮ ብቻውን ቢጎትት ካራፓዝ 100 ዋት እያተረፈ ይከተለዋል። በዚያ ሰዓት የእምቢታው ምክንያት ይገባኛል። ዳገቱ ላይ ግን ዋጋው ርካሽ ነበር። ዬትስ 20 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ ሲርቅ፣ ዴል ቶሮ አንገቱን ደፍቶ በራሱ ልክ ቢወጣ፣ ካራፓዝ ከኋላው ተቀምጦ የሚያተርፈው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ካራፓዝ ሊያጠቃው ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ያጠቃ ነበር እንጂ በነፃ አይጓዝም ነበር። ዴል ቶሮ ዳገትን እንደ ሜዳ አሰበው። በነፃ ሊሰጥ የሚችለውን ነገር ሰሰተ፤ በኋላ በውድ ዋጋም የሚገዛው አላገኘም።

ስለ ካራፓዝስ? እሱን መውቀስ ይከብደኛል። ሁለተኛ ነበር፤ ዬትስ ከሄደ የሚያጣው አንድ ደረጃ ነው። ዴል ቶሮ የሚያጣው ግን ጂሮውን ነው። ብዙ የሚያጣ ሰው ነው ብዙ መክፈል ያለበት። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን በሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መሪ መሆን ማለት ማንም ሲሄድ ሌላው ሁሉ ዞሮ አንተን ማየት ነው። ካራፓዝ ጨክኖ ይህንን ተጠቀመ። አላዋጣውም እንጂ መብቱ ነው።

"ልጅ ነው እኮ፣ 21 ዓመቱ ነው" የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ግን ልጁ ጆሮው ውስጥ ሬዲዮ ነበረው። በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች 21 ዓመታቸው አልነበረም። በሰከንዶች የሚቆጠረው ልዩነት ከእነሱ ፊት ነበር። አጋዦቹም ብዙ ርቀው አልነበሩም፤ ጠብቆ ከእነሱ ጋር ማሳደድም አንድ አማራጭ ነበር። ሦስቱም መንገድ፣ ማሳደድ፣ መጠበቅ፣ መደራደር፣ ክፍት ነበር። የተመረጠው አራተኛው ሆነ፤ ምንም አለማድረግ። (ከእነዚያ አጋዦች አንዱ አዳም ዬትስ ነው፤ የሳይመን መንታ ወንድም። ቤተሰቡ ያን ቀን ማንን ይዞ እንደተመለከተ አስቡት።)

ይህ ሁሉ አዲስ ቢሆን ኖሮ ይገርም ነበር። አዲስ አይደለም። እዚያው ተራራ ላይ ሆኗል።

እ.ኤ.አ 2018፣ የጂሮው 19ኛ ውሎ። ሮዝ ማሊያውን የለበሰው ሳይመን ዬትስ ራሱ ነው። 13 ቀን ለብሶታል፣ ሦስት ውሎ አሸንፏል። ፊኔስትሬ ላይ እግሩ ከዳው። የቀረው በደቂቃ ብቻ አይደለም፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው የተዋረደው። ያን ቀን ክሪስ ፍሩም መጨረሻው 80 ኪሎ ሜትር ሲቀረው በዚያው ኮረኮንች ላይ ፈተለከ። 4ኛ ነበር፣ ከ3 ደቂቃ በላይ ይቀረዋል። ብቻውን እስከ ባርዶኔኪያ ሄደ፤ አሸነፈ፣ ማሊያውንም ወሰደ፣ ጂሮውንም በላ።

ከኋላ ምን ሆነ? አምስት ሰዎች ያሳድዱት ነበር፤ ወይም ማሳደድ ነበረባቸው። ቶም ዱሞላን ይጎትታል፤ ምክንያቱም አጠቃላዩን ማሸነፍ የሚችለው እሱ ነው። ቲቦ ፒኖ አለ፤ የእሱ አጋር ሬይሸንባክ እስኪደርስ ተብሎ ተጠበቀ፤ በዚያ መሃል ፍሩም ራቀ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ሚጌል አንሄል ሎፔዝና ሌላ አንድ ልጅ፣ አልመራም አሉ። እነሱ የሚፋለሙት ለምርጥ ወጣት ነጭ ማሊያ ነበር። አንዱ ሌላውን ከማየት በቀር ስለ ፍሩም ምን አገባቸው?

ያ "ሌላ አንድ ልጅ" ማን መሰላችሁ? ሪቻርድ ካራፓዝ።

ቆይ፣ አላለቀም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ 2019፣ የጂሮው 14ኛ ውሎ ኩርማዮር ላይ ያልቃል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቪንቼንዞ ኒባሊና ፕሪሞዥ ሮግሊች ነው። ሁለቱ እንደ ጥላ ይከታተላሉ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። ካራፓዝ ይህንን አየና ፈተለከ። ማንም አልተከተለውም። ብቻውን ገባ። እነ ኒባሊ ወደ 2 ደቂቃ ዘግይተው መጡ። ሮዝ ማሊያውን ለበሰ፤ እስከ ቬሮናም አላወለቀውም። በአጠቃላይ ኒባሊን የበለጠው በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው፤ ያ አንድ ቀን ባይኖር ጂሮው የእሱ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ካራፓዝ የዚህን ጨዋታ ሦስቱንም ወንበር ተቀምጦበታል። አንዴ ማሳደድ አያገባኝም ብሎ የተቀመጠው እሱ ነው። አንዴ ሁለት ሰዎች ሲተያዩ ሾልኮ የሄደው እሱ ነው። አንዴ ደግሞ ሲተያይ የተበላው እሱ ነው። ከእሱ በላይ ይህንን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ከተራራው ላይ አልነበረም። አሁንም ግን ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ነገሩ ባለማወቅ የሚመጣ አይደለም።

"እሺ፣ ስለዚህ መሪ ሁልጊዜ መልስ መስጠት አለበት" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ተቃራኒውም አለ።

እ.ኤ.አ ጁላይ 13፣ 2022። ቱር ደ ፍራንስ፣ 11ኛ ውሎ፣ ኮል ዱ ግራኖን። የመሪውን ቢጫ ማሊያ የለበሰው ታዴይ ፖጋቻር ነው፤ ሁለት ተከታታይ ቱር ያሸነፈ፣ ማንም አይነካውም የተባለ ልጅ። የተቃራኒው ቡድን ሁለት መሪ ይዞ መጣ፤ ሮግሊችና ዮናስ ቪንጌጎር። ከግራኖን በፊት ባለው የጋሊቢዬ ዳገት ላይ ተፈራረቁበት። ሮግሊች ያጠቃል፤ ፖጋቻር ይከተላል። ይደርስበታል። ገና ሳይተነፍስ ቪንጌጎር ያጠቃል። ይከተላል። እንደገና ሮግሊች። እንደገና። ፖጋቻር ለሁሉም መልስ ሰጠ፣ ለሁሉም በራሱ እግር። ፈገግ እያለ ነበር፤ ብዙዎቻችንም "ምን ዓይነት ሰው ነው!" አልን። ግራኖን ላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ቪንጌጎር ሄደ። ፖጋቻር እግር አልነበረውም። 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ጣለ። ያ ቱር የተሸነፈው በ2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ሮግሊች በዚያ ቱር ወድቆ ተጎድቶ ነበር፤ የማሸነፍ ተስፋው ተመናምኗል። ሲያጠቃ ፖጋቻር "ሂድ" ብሎ ቢለቀው ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ምንም። ግን ያን ጊዜ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ልብህ በደቂቃ ከ180 በላይ እየመታ፣ ማንን ልልቀቅ ማንን ልያዝ ብሎ መወሰን ቀላል አይደለም። ሶፋ ላይ ቀላል ነው።

ፖጋቻር ለሁሉም ከፈለ፣ ከሰረ። ዴል ቶሮ ለማንም አልከፈለም፣ ከሰረ። በሁለቱም ቀን ያሸነፈው ቡድን አንድ ነው፤ ያኔ ጃምቦ ቪስማ ይባል ነበር፣ አሁን ቪስማ ሊዝ ኤ ባይክ ይባላል። የተሸነፈውም ቡድን አንድ ነው፤ ፖጋቻርና ዴል ቶሮ ያሉበት የኤምሬትሱ። ይህንን ስታዩ ነገሩ የእግር ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ቪስማዎች ሁለቱንም ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ተፎካካሪያቸውን የማይመች ምርጫ ፊት አቆሙት። አንዴ ብዙ ጥያቄ ጠየቁት፣ አንዴ ጥያቄውን ሌላ ሰው እንዲጠይቀው ተዉት፤ እነሱ ሾለኩ።

ይህ ጨዋታ የሚሠራው ግን ሰዎቹ በጉልበት ሲቀራረቡ ነው። ከዚያው ጂሮ ከሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የቱር 12ኛ ውሎ ኦታካም ላይ ደረሰ። ፖጋቻር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር ሄደ፤ ቪንጌጎርን በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በለጠው። እዚያ ምን ክርክር አለ? ማን ይምራ፣ ማን ይጠብቅ የሚባል ነገር የለም። አንዱ በለጠ፣ አለቀ። የዚያ ቀን ወሬ ሌላ ነው፤ "አሰልቺ ሆነ" የሚል ቅሬታና "ይህ ፍጥነት ንጹሕ ነው ወይ?" የሚል ጥርጣሬ።

ስለ ሁለተኛው ብዙ አልልም። ስፖርቱ ራሱ ያመጣው ጥርጣሬ ነው። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ በአበረታች መድኃኒት የተደረገውን የሚያውቅ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን የዳገት ሰዓት ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ፣ ከታች ጀምሮ የሚጎትት ቡድን፣ ቀለል ያለ ብስክሌትና ጥሩ ጎማ፣ በየሰዓቱ የሚበላ የሚጠጣው ስኳር፣ ሁሉም ሰዓቱን ይቀይራሉ። ሰዓት ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። አሰልቺ ነው የሚለው ግን ይገባኛል። እኔም ኦታካምን አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ፊኔስትሬን ግን እንጃ፣ አራት ጊዜ ሳልመለስበት አልቀረሁም።

ይህ ለውድድር አዘጋጆችም የቤት ሥራ ነው። ውሎው በዳገት ጫፍ ላይ ካለቀ ሁሉም እስከ መጨረሻው 3 ኪሎ ሜትር ይጠብቃል፤ ጠንካራው ይሄዳል፣ በቃ። ከባዱ ዳገት ከመጨረሻው 30 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሲመጣ፣ ከዚያ ቁልቁለትና ነፋስ ያለበት መንገድ ሲከተል ግን ሁሉም ነገር ይከፈታል። አጋዥ ዋጋ ያገኛል። ጠዋት ተገንጥሎ የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ወርቅ ይሆናል። ጭንቅላት ይሠራል። የ2018ቱም የ2025ቱም ፊኔስትሬ እንዲህ ነበር፤ ጫፍ ላይ አላለቀም። እኔ ብጠየቅ በየታላቁ ውድድር ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ውሎ እንዲኖር እፈርም ነበር።

መንገድ ዳር የሚቆሙት ደጋፊዎችስ? እነሱ ይህንን ሁሉ አያዩም። ከሌሊት ጀምረው ኮረኮንቹን በእግራቸው ወጥተው፣ ብርድ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያዩት ጥቂት ሰከንድ ነው። ግን ዳገት ስለሆነ የሰዎቹን ፊት ያያሉ። ሜዳ ላይ ፔሎቶኑ፣ ማለትም ዋናው የጋላቢዎች መንጋ፣ እንደ ንፋስ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ፊኔስትሬ ላይ ላቡን፣ አፍ ላይ የደረቀውን ጨው፣ የተከፈተውን ማሊያ ዚፕ ታያለህ። ከጫፉ በታች ቆሞ የነበረ ሰው ዬትስን አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ ከዚያ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያልፉ አይቶ ይሆናል። ሰዓቱን ያልያዘ ሰው ምን እንደሆነ ያወቀው ማታ ነው።

ዬትስ መስመሩን ካለፈ በኋላ አለቀሰ። በማግስቱ ሮም ላይ ሮዝ ማሊያውን ለብሶ ገባ። ያን ማሊያ ከሰባት ዓመት በፊት ያጣው በዚያው ተራራ ላይ ነው።

ዴል ቶሮ በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሁለተኛ፣ ካራፓዝ በ4 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሦስተኛ ሆኑ። ፊኔስትሬ እግር ላይ ሲደርሱ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 43 ሰከንድ ነበር። ሮም ላይ 47 ሆነ።